ወዲያው አልተፈወስኩም

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ ነው የተነሣሁት። ጌታ ያደረገልኝን በራሴ አፍ ልመሰክር ፈልጌ ነው፤ ሰው ሲናገርልኝ ሰለቸኝ። ባለፈው እሁድ አንድ ወንድም እዚሁ ቆሞ፣ «በቅሎ ረግጣው ሽባ ሆኖ ነበር፤ ተጸለየለትና ወዲያው ተነሣ» አለ። እናንተም ሃሌ ሉያ አላችሁ። እኔ ኋላ ቁጭ ብዬ በንዴት ተንጨረጨርኩ። ማነው ወዲያው ያለው? ወዲያውን ያየ ሰው ካለ እስኪ ይንገረኝ!

እንደምታውቁት የዚሁ የሰቆጣ ሰው ነኝ። ከቆላ ጨው ጭኜ ገበያ የማወጣ፣ በጉልበቴ የምመካ ነጋዴ ነበርኩ። ሚስቴ ጥሩዬ «ዛሬ እንኳ ጸልይ» ስትለኝ፣ «አጎቴ ቄስ አይደሉም? የእኔንም ደርበው ይጸልዩ» እላት ነበር። አንድ ቀን እዚሁ በእኛው ዝቋላ ቁልቁለቱ ላይ ጭነት ሳጠብቅ በቅሎዋ በእርግጫ ጭንቅላቴን አለችኝ። ስነቃ ቀኝ እጄ አይታዘዘኝም። ምላሴም ተሳሰረ። በልቤ ሁሉን አውቃለሁ፤ ከአፌ የሚወጣው ግን «እ... እ...» ብቻ ነው።

መከራዬ ያኔ ጀመረ። የበሽታው አይደለም፣ የዘመዱ! በቀኜ መብላት አልችልም፤ በግራ መብላት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ መንደሩ ያጎርሰኝ ጀመር። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ እጁን ታጥቦ ያጎርሰኛል። ጠግቤ አፌን ብዘጋ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» ይላሉ። «እንዴት ነህ?» ስባል ጥሩዬ ትመልሳለች። ሳይርበኝ አጎቴ «ርቦታል» ይላሉ። ኧረ በስመ አብ! ደጎች ናቸው፣ ግን በደግነታቸው ሊጨርሱኝ ነበር።

በመጨረሻ በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አወረዱኝና ሚሲዮን ሆስፒታል ወሰዱኝ። ዶክተሩ አገላብጠው ካዩኝ በኋላ፣ «እጁ ደህና ነው፤ የተጎዳው እጁን የሚያዘው አንጎሉ ነው። አንጎል ግን ደጋግሞ ከሠራ ሌላ መንገድ ሊያበጅ ይችላል። እንዴት እንደሆነ እኛም ገና እያጠናን ነው» አሉ።

አጎቴ ተቆጡ። «ገና እየተማሩ ነው የሚያክሙልን?»

«አንድ ነገር እናውቃለን» አሉ ዶክተሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም አያጉርሰው። ማንም አይናገርለት።»

ጥሩዬ እያለቀሰች «በረሃብ ይሙት ነው የሚሉኝ?» አለች።

ከዚያ በቀኝ እጄ ሊጥ አስጨበጡኝና «ጭመቅ» አሉኝ። ጠዋት ጭመቅ፣ ማታ ጭመቅ! በታማሚዎቹ ክፍል ውስጥ ቁስል የሚያጥብና ወንጌል የሚያነብልን አንድ ድሬሰር ነበር። የሚያነበውን ስሰማ ልቤ ተነካ፤ በልቤም «ጌታ ሆይ፣ ካለህ ዛሬውኑ አንሣኝ!» ብዬ ጸለይኩ። ምንም የለም። ተናድጄ ሊጡን በግራ እጄ ነጥቄ ወረወርኩት። ድሬሰሩ አንሥቶ አየውና፣ «ይኼ የአውራ ጣትህ ምልክት አይደለም? ጌታ ዛሬ አንድ ጣት ሰጥቶህ ከሆነስ?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ በጉልበቴ ስመካ የኖርኩት ሰው ለአንዲት ጣት አለቀስኩ! ያን ቀን ልቤን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ክብር ለስሙ ይሁን! ቆዩ፣ ቆዩ፣ አታጨብጭቡ፤ ገና አልጨረስኩም።

ቤቴ ተመለስኩ፤ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ስንቱን ወጥ በልብሴ ላይ እንደደፋሁ እኔ አውቃለሁ። አንድ ምሳ ላይ ጥሩዬና አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው ቀኝ እጄ እንጀራውን ቆረሰች። ወደ አፌ ልወስደው ስል ሐሳቤን ቀየርኩና ለጥሩዬ አጎረስኳት። ግማሹ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። እሷም አፏ እንደሞላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ብስጭት ብዬ፣ «ምን ያስለቅስሻል? ብዪ እንጂ!» አልኩ።

ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያዋ ሙሉ ንግግሬ ይህች ቁጣ ነበረች። ጌታ ይቅር ይበለኝ! አጎቴ እንደ ልማዳቸው በእኔ ፈንታ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ቄስ ናቸውና እኔ እዚህ ጸሎት ቤት መምጣቴን እስከ ዛሬ አይወዱትም፤ ያን ቀን ግን አብረውኝ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ዛሬም ብርድ ሲሆን እጄ ይደርቃል። ጭነት የምታስረው ጥሩዬ ናት፣ እኔ ገመድ እይዝላታለሁ። ለዚህም አመሰግናለሁ። ቤታችሁ በሽተኛ ያላችሁ፣ ዛሬ ካልተነሣ ጌታ አልሰማንም አትበሉ። በእርሱ ታመኑ፤ በሽተኛውንም አታጣድፉት። ጌታ እኮ... ጌታ እኮ ለእኔ... እ... አይ፣ አትንገረኝ ወንድሜ! ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ተወኝ፣ ይመጣል... ታጋሽ ነው። ጌታ ታጋሽ ነው።