እማየ እሺ ስትል የሚደበዝዘው የልቧ ፎቶ

ሌሎች ስለ ስደታቸው ሲጽፉ የወጡበትን ሌሊት ያስቀድማሉ። እኛ ግን ከአምደወርቅ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሚኒባሱ አልሞላም ተብሎ እስከ ስድስት ሰዓት ተጎለትን! ሌሊቱን አብረውን ሲላቀሱ አድረው ጧት የተሰናበቱን ሰዎች ገበያ ደርሰው ሲመለሱ እዚያው አገኙን። አክስቴ ሙሉ፣ ዳግመኛ ማልቀስ አሳፍሯት፣ «ኧረ አሁንስ ሂዱልን!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠጋችና ለእህቷ፣ ለእማየ፣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና «የሚጥልሽን ነገር ስሙን ሳታውቂ እንዳትመለሽ» አለቻት።

እማየ ትወድቃለች። ቆማ እያወራች ድንገት ፊቷ አመድ ይመስልና ዘፍ ትላለች። ወረዳችን ደሃና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ደመደመ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ግን ከእሳት አራቋት፣ ከአክስቴ ሙሉ በቀር ልጅ የሚያሳቅፋትም ጠፋ። እሷም ማኅበር መሄድ ተወች። «ወድቄ ሰው ከሚያየኝ ቤቴ ልቅር» ትላለች።

አባቴ ቀድሞን መጥቶ ጀርመን ዳቦ ቤት ይሠራል፤ ወረቀቱ ሲሟላለት ሁለታችንን አስመጣን። የዚህ አገር ዳቦ ደግሞ! ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ እማየ የመጀመሪያ ቀን በጣቷ አንኳኩታ «ቤቶች!» አለችው። ብርዱ የኛን የጥቅምት ውርጭ ይመስላል፤ የኛው ግን ረፋድ ላይ ይለቃል፣ የዚህኛው እስከ ፋሲካ ቂም ይይዛል።

አከራያችን ፍራው ክላይን ትባላለች። እዚህ «ኬርቮኸ» የሚሉት ደንብ አለ፤ ተራው የደረሰ ቤተሰብ ሳምንቱን ደረጃ ይጠርጋል። በተራችን እማየ መጥረጊያውን እንደያዘች ደረጃው ላይ ወደቀች። ፍራው ክላይን በሯን ከፈተች።

«ደረጃው አላለቀም» አለች።

«እናቴ እኮ ወድቃለች!» አልኳት በተሰባበረ ጀርመንኛ።

«አያለሁ። ታች ያሉት ሦስቱ ቀርተዋል።»

እንዲህ ትበል እንጂ አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት፤ ትራስ አምጥታ ከእማየ ራስ ሥር ያደረገችውም እሷው። ሦስቱን ደረጃ ራሷ ጠረገችና በምትኩ ቀጣዩ ሳምንትም የኛ መሆኑን አሳወቀችን።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም «ወይ ጭንቅላቷ ነው፣ ወይ ልቧ ነው፤ ሁለቱንም ከውስጥ እናያለን» አለች። ኤምአርአይ የሚሉት ማሽን በጎኑ የተጋደመ ጎተራ ነው የሚመስለው። ሰው አስተኝተው ያስገቡበታል፤ ሳይቀድዱ ሳይከፍቱ፣ በማግኔት ኃይል የሰውን ውስጥ ፎቶ ያነሳል። ጩኸቱ ግን አሥር ቀጥቃጭ አንድ ላይ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ይመስላል! ብረት ክልክል ስለሆነ እማየ የአንገቷን መስቀል ስማ ሰጠችኝ።

መጀመሪያ ጭንቅላቷ ተነሳ። እማየ ድንጋይ ሆና ተኛች፤ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፣ ምንም የለበትም። የልቧ ጊዜ ነው ነገር የመጣው። ልብ እንደሆነ አያርፍም፤ ሳንባ እንኳ ዝም ይበልለት ተብሎ ታማሚው ትንፋሹን መያዝ አለበት። ባለሙያዋ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና በማይክሮፎን «አውስአትመን... ኒሽት አትመን» ትላለች፤ እኔ ደግሞ «ተንፍሽ... በቃ፣ አሁን እንዳትተነፍሽ» እላለሁ። ፎቶው ደበዘዘ። ደገምን፣ ደበዘዘ። አምስቴ ሞከርን።

«እናትሽ ትንፋሿን መያዝ አትችልም እንዴ?» አለችኝ ባለሙያዋ።

«ጀሪካን ውኃ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ናት!» አልኩ ተናድጄ።

«እንግዲያው አልገባትም ማለት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ቀጠሮ እንሰጣችኋለን።»

ሦስት ወር! በሦስት ወር ስንቴ ትወድቃለች? «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቢተ፣ እባክሽ» ብዬ ለመንኳት። አሁን ስክሪኑን ትቼ ጆሮዬን የእማየን ድምፅ ከውስጥ የሚያመጣው ማዳመጫ ላይ ደቀንኩ። «እንዳትተነፍሽ እማየ» አልኩ። ሰማሁት። «ህ!»

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ገብቷችኋል። አዎ ማለቷ ነው! ትልቅ ሰው ሲያዝዘን አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን እሺ እንል የለ? እማየም ለባለሙያዋ ክብር ብላ፣ አትተንፍሽ በተባለች ቁጥር እየተነፈሰች እሺ ትላለች! በሳቅ ፈረስኩ። ባለሙያዋ እኔም የምወድቅ መስሏት ወንበር ይዛ ወደ እኔ ሮጠች።

«እማየ፣ እሺ አትበይ!»

«ሰው ሲያዘኝ ዝም ልበል? ባለጌ አደረግሽኝ?»

«እሺ ስትይ እኮ ልብሽ ቦታውን ይለቃል።»

«ታዲያ እሺ ማለቴን በምን ታውቃለች?»

አንድ ዘዴ መጣልኝ። «በቃ የሁሉንም እሺታ አሁኑኑ በይና ጨርሽ። እኔ እነግርልሻለሁ።»

ከጎተራው ውስጥ «ህ! ህ! ህ!» ሲል ተሰማ፤ ቆጠርኩት፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። «እናቴ ለሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ እሺ ብላለች» ብዬ ተረጎምኩ። ባለሙያዋ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብላ፣ እሷም በክብር፣ «ዳንከ» ብላ አመሰገነች።

ትንፋሿን እስከ ሰባት ስቆጥር ያዘች። ልቧም ታየ! ቡጢ የምታህል ነገር፣ ኩምትር ዘርጋ፣ ኩምትር ዘርጋ። በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጥተው እንደገና ሲያነሱት ደግሞ በአንዱ ጎን ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ። ሐኪሟ በብዕሯ አሳየችን። «ይህ ጠባሳ ነው። የቆየ ሕመም ጥሎት ሄዷል። የልቧን ምት እያዛባ የሚጥላት እሱ ነው።»

ተረጎምኩላት። እማየ ስክሪኑን አየችው፣ አየችው። «ትኩሳት ይዞኝ ገብስ ያጨድኩበት ዓመት ይሆናል ያገኘኝ» አለች። እሱ ይሁን አይሁን ሐኪሟም አታውቅም። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና «ጠባሳማ የሌለበት ማን አለ!» አለች። ከቤት ከወጣን እንዲህ ቀና ስትል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ከደረቷ ቆዳ ሥር ትንሽ መሣሪያ ሊቀብሩላት ነው፤ ልቧ ሲሳሳት ቀስቅሶ መንገዱን የሚያስይዝ። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን የሚያዩላት ቀጠሮ አያልቅም አሉን።

እሑድ ለአክስቴ ሙሉ ደወልን።

«ስሙ ማነው?» አለች ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

«ጠባሳ» አለች እማየ። «ልቤ ላይ።»

«እሰይ! ዛሬውኑ ማኅበርተኛውን ሁሉ ሰብስቤ እነግርልሻለሁ! በይ ለሻደይ ትመጣላችሁ። ልጅቱም ከእኩዮቿ ጋር ቄጠማዋን ወገቧ ላይ አስራ ትጫወት። ትመጫለሽ አይደል?»

እማየ ትንፋሿን ያዘች። ልክ ማሽኑ ውስጥ እንዳደረገችው። በልቤ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ስደርስ «ህ!» አለች። ደረቷ ከፍ ሲል አየሁ፤ ልቧ ከውስጥ እንዴት እንደሚዘል አሁን አውቃለሁ። ከማዶም አክስቴ ሙሉ «ህ!» አለች።

እንደምንሄድ ለሐኪሟ ገና አልነገርናትም።