ከአንድ ቀጥሎ አሥር

የሲናናው ገበሬ ሀጂ ወደ ማኅበራችን ግቢ ሲገቡ ሰላም አላሉንም። በእኛ አገር ሽማግሌ የቱንም ያህል ቢቆጣ እጅ ሳይጨብጥ፣ «አካም ቡልተን» ብሎ እንዴት እንዳደርን ሳይጠይቅ፣ ወደ ነገሩ አይገባም። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሄደው የተለጠፈውን ወረቀት በከዘራቸው ጫፍ መቱት። ግቢውን ሞልተው ይንጫጩ የነበሩት ገበሬዎች ወደ ሰሌዳው ተጠጉ።

«ኩን ማሊ?» አሉ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁሉም ሠራተኛ እንዲሰማ በአማርኛ ቀጠሉ። «የእኔ ተራ ሁለት ነው። በእጄ የሰጣችሁኝ ካርድ ሁለት ይላል። ኮምባይነሩ ትናንት በእርሻዬ ጥግ አልፎ ሄደ። ለማን ሄደ?»

እኔ በመስኮቱ በኩል ከሰማዩ ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። በሳነቴ ተራራ በኩል ያለው ደመና ጠቁሯል። የበልጉ ስንዴ ደርሶ ቆሟል፤ በዚህ ጊዜ ዝናብ ካገኘው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል።

ሮቤ ዳር ባለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መረጃ መዝጋቢ ነኝ። ጎባ ከእናቴ ጋር እየኖርኩ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ እመጣለሁ። ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የአጋርፋ ልጅ ነው። ሁለታችንም ኮምፒውተር አላጠናንም። ግን እሱ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ከሆነ ቦታ ጭኖ መጣና ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ ላፕቶፕ አብረን መማር ጀመርን። ኮዱ ሲሳሳት ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ቀዩን ስናይ ማሽኑን ያበላሸነው እየመሰለን እንደነግጥ ነበር። ቆይተን ለመድነው፤ ቀዩ የት መስመር ላይ እንደተሳሳትን ይነግረናል።

ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሲሰሙ የማጨጃ ማሽኑን፣ የኮምባይነሩን ተራ በዚሁ እንድንሠራ አዘዙን። ከዚያ በፊት ተራ የሚወጣው በእጅ ጽሑፍ ነበር፤ በየዓመቱ ጭቅጭቅ ነው። አሁን ገበሬው ሲመዘገብ ቁጥር የያዘ ካርድ ይወስዳል፤ ኮዱ ሁሉንም በቅደም ተከተል አሰልፎ ለእያንዳንዱ መቼ እንደሚታጨድለት በስልክ መልእክት ይልካል።

መጀመሪያ ያስቸገረን የስልክ ቁጥሩ ነበር። ኮምፒውተሩ ስልኩን እንደ ብዛት ስለሚቆጥረው ከፊት ያለችውን ዜሮ ይጥላታል፤ መልእክቱም የትም አይደርስም። ብዙ ታግለን ጓደኛዬ መላውን አገኘ፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ሁሉ እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ እንዲያነበው አዘዘው። ዜሮዋ ተመለሰች። በደስታ እጅ ለእጅ ተመታታን። ከዚያ የቢሮውን ሠራተኞች ስም አስገብተን ሞከርነው፤ ሁላችንም ተደምረን አሥር አንሞላም። ተራው ልክ ሆኖ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይተው «ጎበዞች» አሉን።

ሀጂው ወረቀቱን ከመቱ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን ወደ ክፍላቸው ጠሩንና በሩን ዘጉ።

«ይህን ወረቀት ማነው የነካው?»

«ማንም አልነካውም። ማሽኑ ያወጣው ነው» አለ ጓደኛዬ።

«ማሽኑ የተወለድኩበትን አገር ሰዎች ያውቃል እንዴ? መጨረሻ የተመዘገቡት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ የታጨደላቸውም እነሱ! ሰው ምን እያለኝ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከእናንተ አንዳችሁ ጉቦ ተቀብላችሁ ከሆነ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

በዚህ መሃል የሥራ አስኪያጁ ስልክ ጮኸ። የኮምባይነሩ ሾፌር ነበር፤ ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል። ሲናና መንገድ ላይ ገበሬዎች የትራክተር ተጎታች አጋድመው ዘግተውበታል። መንገዱ ቶሎ ካልተከፈተለት ማሽኑን ይዞ ወደ ገሰራ እንደሚሄድ፣ እዚያ በልመና የሚጠብቁት ሰዎች እንዳሉ ነገራቸው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዘግተው በእጃቸው ወደ ላፕቶፑ አመለከቱን።

ተቀመጥን። ጓደኛዬ ኮዱን እንደገና አስኬደው። ቀይ ጽሑፍ የለም።

«ይሠራል እኮ» አለ በሹክሹክታ። «ስህተት የለውም።»

«ስህተት ባይኖረው ሀጂው እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ታዲያ የቱ ጋ ነው? አሳይኛ!»

እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። ከመስኮቱ ውጪ «ሌቦች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሌላው ደግሞ ዝም አሰኘው። ኮዱን ትቼ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቅጂ አነሳሁ። ስንለጥፈው ከላይ ያለውን አይተን ነበር። ከላይ ተራ ቁጥር አንድ አለ፤ ልክ ነው ብለን ሄድን። አሁን በጣቴ እየተከተልኩ ወደ ታች ማንበብ ጀመርኩ። ከአንድ ቀጥሎ አሥር። ከአሥር ቀጥሎ መቶ። ከዚያ መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት...

«ስማኝ» አልኩት። «ሁለት የት ነው?»

ወረቀቱን ገለበጥኩ። ሁለት ቁጥር ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በአንድ የሚጀምሩ ቁጥሮች ሁሉ ካለቁ በኋላ ነበር።

ጓደኛዬ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ጽሑፍ ነው ብዬዋለሁ» አለ። «ለስልኩ ብዬ ሁሉንም ጽሑፍ ነው ብዬዋለሁ።»

ገባኝ። ማሽኑ የተራ ቁጥሮቹን የደረደራቸው ስም እንደሚደረደር በፊደል ነው። መጀመሪያ የፊተኛውን ምልክት ያያል፤ በአንድ የሚጀምር ሁሉ፣ አሥርም ይሁን መቶ፣ በሁለት ከሚጀምር ይቀድማል። የሥራ አስኪያጁ አገር ሰዎች ዘግይተው ስለመጡ ካርዳቸው ከመቶ በላይ ነው። ከፊት ያወጣቸው ይኸው ብቻ ነው።

ማስተካከያው አንድ ቃል ነው፤ ተራውን ብቻ እንደ ቁጥር አንብብ ማለት። ጻፈውና አስኬደው። ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። ሥራ አስኪያጁ ከጀርባችን ቆመው «ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዩን በማየቴ እፎይ አልኩ። ወንድማማቾች እርሻቸውን ተካፍለው ሲመዘገቡ አንዱ ተራ ላይ ከቁጥሩ ጎን ፊደል ተጨምሯል፤ ማሽኑ እሱን ቁጥር ማድረግ አልቻለም። ፊደሏን አጥፍተን ወንድማማቾቹን በአንድ ተራ ያዝናቸው። እንደገና ሲያስኬደው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወረደ። ይህን ጊዜ እስከ መጨረሻው በጣቴ ተከተልኩት።

«በሉ ውጡና ኔትወርክ ነው በሏቸው» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። «ኔትወርክ ካልን ነገም አያምኑንም» አለና ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ተከተልኩት።

በኦሮምኛ ነበር የነገራቸው፤ ሳይሸፋፍን። ማሽኑ ቁጥሩን እንደ ስም እንዳነበበው፣ እንዲህ እንዲያነብ ያዘዝነው እኛ እንደሆንን፣ ጀማሪዎች እንደሆንን ተናገረ። አንዱ ወጣት ሳቀ። «ኮምፒውተር መቁጠር አይችልም ነው የምትለን?» ሌላው ከኋላ ጮኸ፦ «ለምን ታዲያ የአለቃችሁን አገር ብቻ መረጠ?» ጓደኛዬ መለሰለት፤ ሰውየው ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

ሀጂው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? እውነት ነው የሚለው?»

«እውነት ነው ሀጂ። ሁለታችንም ነን የሠራነው።»

«እሺ። እንግዲያው ሁለታችሁም ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ። ኮምባይነሩ እርሻዬ ውስጥ እስኪገባ ከዚያ አትንቀሳቀሱም።»

አላስገደዱንም፤ ግን እምቢ የሚባል አልነበረም። በማኅበሩ ፒካፕ ኋላ ላይ ከገበሬዎቹ ጋር ተጭነን ወደ ሲናና ሄድን። ከደረስን በኋላ ተጎታቹን ለማስነሳት ሀጂው ራሳቸው መንገዱን ከዘጉት ልጆች ጋር ተከራከሩ። ሾፌሩ የኮምባይነሩ መሰላል ላይ ቆሞ ሲሳደብ ጓደኛዬ አዲሱን ተራ አሳየው። አላነበበውም፤ «ወዴት ነው? ብቻ አሳዩኝ» አለ።

ኮምባይነሩ ከሀጂው እርሻ ገብቶ ጥቂት ዙር እንደሄደ የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ አረፈ። ሾፌሩ ፍጥነት ጨመረ። የሀጂው ቤት ሴቶች የታጨደው ክምር ላይ ሸራ ለመወርወር ሮጡ፤ እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ከግማሹ በላይ እንደታጨደ ዝናቡ ወረደ፤ ማሽኑ ጭቃው ውስጥ ቆመ። ሀጂው ካፖርታቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው የቀረውን ስንዴ ያዩ ነበር።

ዝናቡ ለቀናት ሰነበተ። የቀረው ስንዴ ቆሞ እንዳለ በቀለ፤ ለከብት መኖ ሆነ። ከእሳቸው ቀጥለው የነበሩት አብዛኞቹ ፀሐይ ሲወጣ ታጨደላቸው። ማኅበሩ ጉዳዩን አጣርቶ ጉቦ እንዳልነበረ አረጋገጠ፤ ወረቀቱም ከመለጠፉ በፊት ገበሬዎቹ በመረጧቸው ሰዎች እንዲታይ ተወሰነ። ከሀጂው ጎሳ አንድ ሽማግሌ አሁንም መጥቶ ከጎናችን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ በጣቱ እየተከተለ ሁሉንም ይቆጥራል።

በዚያው ሰሞን ወደ ጎባ በሚኒባስ ስመለስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ እኛ ያወሩ ነበር። «ኮምፒውተር ነው አሉ» አለ አንዱ። «የሰው ተራ በልተው ኮምፒውተር ነው አሉ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። «አልበሉም» አልኩ። «ቁጥሩን እንደ ፊደል ስላነበበው ነው።»

ሰውየው ዞሮ አየኝ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እዚያ ነው የምሠራው።»

ሰውየው ወደ ጓደኛው ዞሮ «ይኸው፣ ከእነሱ አንዷ» አለው።