የፈታኋቸው አርባ አንድ ክሮች

ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ደሴ ሆጤ ውስጥ፣ በጋሽ ታደሰ እንጨት ቤት ነው። ጋሽ ታደሰ መላጊያቸውን ከእጃቸው ሳያወጡ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ። የከተማ ፕላን አልኳቸው። ድምፄ ስለማይወጣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በመጨረሻ ሲሰማቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ እዚህ ያለው ከተማ ሳይሆን ቁም ሣጥን ነው አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ ከንቲባ ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነው። የጋሽ ታደሰ ደንበኞች በአብዛኛው ቤታቸው ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ልብስ ሰፊዎች፣ ጥልፍ ጠላፊዎች፣ ዳንቴል ሠሪዎች፣ አገልግልና ሰፌድ የሚሰፉ። መደርደሪያ ያዝዛሉ። መደርደሪያው በገባ በሳምንቱ ዕቃ ተቆልሎበት እሱም አይታይም። ከዚያ ጠበበን ብለው ይመለሳሉ። ጋሽ ታደሰ ይህ ሲሰለቻቸው ክፍሉን ራሱን የሚያደራጅ ሰው ፈለጉ። ያገኙት እኔን ነው።

መሣሪያዎቼ ሜትር፣ ጠመኔ፣ እርሳስና ባለ ካሬ ደብተር ነበሩ። መጀመሪያ ክፍሉን እለካለሁ። ቀጥሎ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጥቼ በሦስት እከፍላለሁ፤ በየቀኑ የሚነካ፣ በየሳምንቱ የሚነካ፣ ማንም የማይነካው ግን የማይጣል። ሦስተኛው ክምር ሁልጊዜ ትልቁ ነው። ከዚያ የጠረጴዛውንና የመደርደሪያውን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ እሥላለሁ፤ ጋሽ ታደሰ ይቆርጣሉ። ሕጋችን አንድ ነበር፦ ቤት ውስጥ ያለው ሳያልቅ ከገበያ ምንም አይገዛም። በማዕረግ አንደኛ ጋሽ ታደሰ፣ ሁለተኛ መጋዙ፣ ሦስተኛ እኔ ነበርን። መጋዙ ሲታመም ባለሙያ ይጠራለት ነበር።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከኩታበር መጥተው ደሴ የተቀመጡ አገልግል ሰፊ ነበሩ። ቀለም የተነከረ ስንደዷቸው አልጋ ሥር፣ በር ጀርባ፣ ጥቂቱም የባለቤታቸው ቦት ጫማ ውስጥ ነበር። አፈርኩና ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና ጋሽ ታደሰን፣ "ልጅቷ አፍ የላትም እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ታደሰ፣ ከንቲባ የምትሠራው በደብዳቤ ነው አሏቸው። ከግንባታ የተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ በክንድ በክንድ ቆርጠን፣ ግድግዳው ላይ አፉን ወደ ውጭ አድርገን ደረደርነው፤ ስንደዶውንም በየቀለሙ ከተትንበት። ሴትዮዋ ምርቃታቸው አላልቅ አለ። እኔም፣ ለካ ሳይናገሩ መሥራት ይቻላል ብዬ ደመደምኩ። ጥፋቴ የተጀመረው እዚያ ነው።

ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ዓይነት ደንበኛ አለች። ስልኳን አውጥታ ነጭ ግድግዳ፣ ሮዝ መሳቢያ፣ በጠርሙስ በጠርሙስ የተደረደረ አዝራር ታሳየኛለች። ልክ እንደዚህ፣ ግን በነፃ በሚባል ዋጋ እንዲሆንላት ትፈልጋለች። ከፋብሪካ የወጣ አሮጌ የዕቃ መጫኛ እንጨት፣ ፓሌት የሚሉትን፣ ፈታትተን መሳቢያ እንሠራለን። የዱቄት ወተት ጣሳ ቀለም ቀብተን አዝራር እንሞላለን። መጋረጃ ከሌለ ነጠላ ይሰቀላል። ሲያልቅ ከፎቶው ይልቅ ያምራል። ሮዙን ቀለም ግን ጋሽ ታደሰ አንቀባም አሉ፤ ቡሩሹን ለእኔ ሰጥተው ፊታቸውን አዞሩ።

እትዬ ዘምዘም የመጡት አረፋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከእንጨት ቤታችን ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ የሴት ቀሚስ ይሰፋሉ። የቢስቲማ ሰው ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፣ ቁጥርም አይጽፉም፤ ነገር ግን የሳቸውን ቀሚስ የለበሰች ሴት ከሩቅ ትታወቃለች። ክፍላቸውን ሳየው ደነገጥኩ። የእግር ስፌት መኪናው ከጨርቅ ክምር ውስጥ አንገቱን ብቻ አውጥቷል። መቀስ ጠፍቶ ሌላ ተገዝቶ፣ እሱም ጠፍቷል። "አርባ ቀሚስ አለብኝ፤ ወላሂ፣ ጠዋቴ የሚያልቀው መኪናዋን ፍለጋ ነው" አሉኝ።

ከአርባው የሚያስጨንቃቸው አንዱ ነበር። ኮምቦልቻ የሚኖሩ እትዬ ሩቅያ የሚባሉ ወዳጃቸው ሐያት የምትባል ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሐያት ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ኒካው ከአረፋ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሷ የምትገባው ደግሞ በኒካው ዋዜማ። ስለዚህ ቀሚሱ ተሰፍቶ ሊጠብቃት ይገባል። ጨርቁን ከደመወዟ ገዝታ ራሷ ልካዋለች።

ሥራውን በጀመርን በማግስቱ ለእትዬ ዘምዘም ከቢስቲማ መርዶ መጣ። ቁልፉን ሰጡኝና፣ "ሁለት ቀን ብቆይ ነው፤ አብሽሪ፣ እንደፈለግሽ አድርጊው" ብለውኝ ለቅሶ ሄዱ።

ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ ግድግዳው ላይ በረድፍ የተመታ ሚስማር ነበር። በእያንዳንዱ ሚስማር ላይ ቋጠሮ የበዛበት አንድ አንድ ክር ተንጠልጥሏል። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ አቧራ የጠጣ አለ። የተረፈ ክር የሚያጠራቅሙ መሰለኝ። ደውዬ ልጠይቅ አሰብኩ፤ ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ስለ ክር መደወል አሳፈረኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ ይጥለው ነበር። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ። ቁጭ ብዬ ቋጠሮውን ሁሉ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታሁት። ከበሩ ጀምሬ በተራ፣ ጫፍ ለጫፍ እየቀጠልኩ ጠቀለልኩት። አርባ አንድ ነበሩ፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ቀሚሱ አርባ፣ ክሩ አርባ አንድ። ይህን እያየሁ እንኳ አልጠየቅሁም።

ክፍሉ አማረ። መኪናው ከመስኮቱ ብርሃን ሥር ገባ። ጨርቁ በየመደርደሪያው ታጠፈ። በተለቀቁት ሚስማሮች ላይ ሁለቱንም መቀሶች ሰቀልኩ። የክሩን ጥቅል ሰማያዊ ቀለም በቀባሁት ጣሳ ውስጥ አኖርኩት። ጋሽ ታደሰ መጥተው ዙሪያውን አዩና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰድቡኝ ወጡ።

እትዬ ዘምዘም ሲመለሱ መቀሶቹን አይተው ሳቁ፣ መኪናውን ዳሰሱ፣ መረቁኝ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

"ክሮቼስ?"

በኩራት ጥቅሉን አቀበልኳቸው። እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ቋጠሮዎቹስ?"

"ፈታኋቸው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

አዲሱ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። "አጃኢብ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሸይጧን እንኳ ቢሆን አንድ ሁለት ይተው ነበር።"

ያን ቀን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ያልነገሩኝን ነው። አንድ ክር አንዲት ሴት ናት። እትዬ ዘምዘም ክሩን ከጫፉ ይዘው ከአንገት ሥር ወደ ታች ይለኩና ደረት ላይ፣ ወገብ ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ ቀሚሱ የሚያልቅበት ላይ ይቋጥራሉ። ዙሪያውን ደግሞ በዚያው ክር ድርብ ቋጠሮ ያመላክታሉ። የእጅጌው ሦስት ድርብ ነው። የማን እንደሆነ የሚያውቁት በሚስማሩ ተራ ነው። እኔ የደሴን ሴቶች ጠቅልዬ ጣሳ ውስጥ ከትቻለሁ።

ጋሽ ታደሰ ሲሰሙ እስኪበቃቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ፊታቸው ተለወጠ። "ከንቲባ ሆነሽ የከተማውን መዝገብ አጠፋሽው" አሉ። ቀጥለውም፣ ሰው የሚባረረው ያበላሸውን ካስተካከለ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሂጂና ለኪ አሉኝ።

በሜትር ልለካ ብል እትዬ ዘምዘም እምቢ አሉ። እጃቸው የሚያውቀው ክር ነው። ስለዚህ አዲስ ጥቅል ክር ይዤ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ የማይወጣኝ ሰው፣ በየቤቱ እየዞርኩ ሴቶችን እጃችሁን አንሱ ማለት ጀመርኩ። አንድ ወይዘሮ ወገባቸውን ስለካ ትንፋሻቸውን ያዙ። ፊታቸው ሲቀላ፣ እባክዎ ይተንፍሱ አልኳቸው። "አንቺ ለኪ፤ ትንፋሹ የኔ ጉዳይ ነው" አሉኝ። ሁለት ጣት አልፌ ቋጠርኩ። ሰባት የጴንጤ መዘምራን በረድፍ ቆመው እየተሳሳቁ አስለኩኝ፤ አንዷ፣ ዝማሬው ከፍ ሲል ስለምነፋ ደረቱን ለቀቅ አድርጊው አለችኝ። ሁሉም የበፊቱ ክር የት ሄደ ብለው ይጠይቃሉ። እኔም በየበሩ ጥፋቴን እናገራለሁ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ቀድሞኝ ይደርስ ጀመር። አንዲት አሮጊት፣ ቋጠሮ የምትፈቺው አንቺ ነሽ ወይ ብለው አስቀመጡኝና፣ ልጃቸው አላገባ እንዳለ፣ የሱንም እንድፈታላቸው ለመኑኝ።

ሠላሳ ዘጠኙ ተለኩ። የቀረችው ሐያት ነበረች።

ከእትዬ ዘምዘም ጋር በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ቁልቁለቱን ሙሉ ደውለን ብንጠይቃትስ እያልኩ ሳስብ ነበር። እትዬ ሩቅያ ግን አሠሪዎቿ ስልክ እንደማያስይዟት፣ ደዋይዋ ሁልጊዜ እሷ እንደሆነች፣ አሁንም የምትደውለው አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ እንደሆነ ነገሩን። እትዬ ዘምዘም ጥፋቱን ሊሸፍኑልኝ፣ ክሩ ጠፋ ብለው ጀመሩ። እኔ ነኝ የፈታሁት አልኩ። ድምፄ በአንዴ ወጣ።

እትዬ ሩቅያ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ያስለካችው ለመሄድ ሻንጣ ባሰረች ቀን መሆኑን ነገሩኝ፤ ስመለስ ለኒካዬ ብላ።

"ደሴ በወጣሁ ቁጥር እዚያ ቤት እየገባሁ አያት ነበር" አሉኝ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ እዚያ ሚስማር ላይ ነበረች።"

መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ።

"እትዬ ዘምዘም፣ የሷ ክር ስንተኛው ሚስማር ላይ ነበር?"

"ከበሩ ሁለተኛው።"

ከበሩ ጀምሬ በተራ ነው የጠቀለልኩት። ስለዚህ የሐያት ክር ጥቅሉ እምብርት ውስጥ አለ ማለት ነው።

ደሴ ተመልሰን ጥቅሉን ከመኪናው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ መደርደሪያው እያዞርን ተረተርነው። ያን ያህል የደከምኩበት ክፍል የሸረሪት ቤት መሰለ። የቅርብ ጊዜዎቹ ክሮች ምንም ምልክት አልነበራቸውም። መጨረሻ ላይ ስንደርስ ግን ክሩ አቧራ ጠጥቶ የጠቆረ ሆነ፤ በመካከሉ ትንንሽ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። አቧራው ቋጠሮው ውስጥ አልገባም። ቋጠሮ የነበረበት ቦታ ሁሉ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

እትዬ ዘምዘም ነጩን በጣታቸው እየነኩ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት እያሉ ጠሩ። እኔ ከጣታቸው ሥር መልሼ ቋጠርኩ። ስንጨርስ አንድ ክር ተረፈ፤ አርባ አንደኛው፣ ከሁሉም የጠቆረው። እሱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ቋጠሩትና በመጀመሪያው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

"ይሄ ቀሚስ የለውም" አሉ። "የናቴ ልክ ነው። እሷ በሕይወት ብትኖር በመቀስ ነበር የምትወጋሽ።"

ቀሚሶቹ ለአረፋ ደረሱ። በኒካው ዋዜማ የሐያትን ይዘን ወረድን። ትከሻው ልክ፣ እጅጌው ልክ፣ ቁመቱ ልክ። ወገቡ አልዘጋ አለ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ጋሽ ታደሰ በምን ቃል እንደሚያባርሩኝ እያሰብኩ ነበር። እትዬ ዘምዘም ክሩን አውጥተው ቀሚሱ ላይ ለኩ፤ ቀጥሎ ልጅቷ ላይ ለኩ።

"ክሩ ልክ ነው" አሉ። "የተሳሳተችው እሷ ናት። የዓረብ ሩዝ ነው።"

ሐያት ከሁሉም በላይ ሳቀች። እትዬ ዘምዘም ሁልጊዜ በየጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፋሉ። ስፌቱን እዚያው ፈትተው ለቀቁላት፤ ቀሚሱም ተዘጋ። እትዬ ሩቅያም ከወንበራቸው ተነሥተው እኔን አስቀመጡኝ።

ጋሽ ታደሰ አላባረሩኝም። ቋጠሮ ፈቺዋን ለማየት የሚመጡ ሴቶች መደርደሪያ ማዘዝ ስለጀመሩ ይመስለኛል። የእትዬ ዘምዘም ክሮች ተመልሰው ሚስማራቸው ላይ ናቸው፤ የኔ ድርሻ በየክሩ ራስ ላይ ከባለቤቷ ጨርቅ የተቀደደች ቁራጭ ማሰር ብቻ ሆነ። አሁን ሚስማር ቢወድቅ እንኳ የትኛው ክር የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነገር ነው። ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰውም ቢሆን ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ አሁንም አፍራለሁ። እያፈርኩ እጠይቃለሁ።