ሰዓቱ ሲወልቅ

ተራ አስከባሪውን ዳኛው ይሉታል። ፈርዶ ግን አያውቅም፤ የሚያስታርቀው በጡጫ ነው። በሚኒባስ መናኸሪያው ሁለት ሾፌሮች በተራ ከተጣሉ ዳኛው መሃል ይገባና አንዱን ያነጥፈዋል፤ ሌላው ወዲያው ይቅር ባይ ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ቤተሰብ ያስተዳደረው በዚህ ነው።

ታዲያ ማንም ላይ እጁን ከማንሳቱ በፊት የሚያደርጋት ነገር አለች። የእጅ ሰዓቱን ያወልቅና አጠገቡ ለቆመው ሰው ያስይዛል። የጀመረው እንደ ዋዛ ነበር። መስታወቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰበር ሰዓት ሠሪው ተሰላችቶ፣ ወይ ድብድቡን ተው ወይ ሰዓቱን አውልቅ አለው፤ እሱም የቀለለውን መረጠ። ውሎ አድሮ ሰፈሩ ሁሉ ምልክቱን ለመደው። ሰዓቱ ከወለቀ እናቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ፣ ባለሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ሰዓቱን የያዘው ሰው ደግሞ የተሾመ ይመስል ደረቱን ይነፋል።

“እቤቴ ግን እጄን አንስቼ አላውቅም” ይላል ዳኛው፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። እውነቱን ነው። ሚስቱን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጁንና የስድስት ዓመት ወንድ ልጁን በጥፊ እንኳ ነክቶ አያውቅም። በዚህ ሲኮራ ለጉድ ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት አንድ ግዙፍ ሾፌር ሰባት መኪና ዘሎ ከፊት ተሰካ። ዳኛው ተመለስ ቢለው በመስኮቱ ብቅ ብሎ እናቱን ጠርቶ ሰደበው። ሰዓቱ ወለቀ። ሾፌሩን በኮሌታው ይዞ በመስኮቱ በኩል እስከ ወገቡ ጎተተውና ፊቱን ከበሩ ብረት ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አፍንጫው ሲሰበር ከወዲያ ማዶ ተሰማ። ተጎትቶ ወጥቶ መሬት ላይ ከተዘረረ በኋላም አልተወውም፤ ጎኑን በጫማው ጠለዘው፣ ለመሸሸግ ያነሳውን እጁን ረገጠው። ዳኛው ደሙ አንዴ ከፈላ ማቆሚያ የለውም። ይህን ራሱም ያውቃል፤ ደስም ይለዋል። የሚያስመሰግን ነገር አይደለም፣ ግን መዋሸት ምን ያደርጋል።

በዚያ ግርግር ሰዓቱን የያዘው ረዳት ደንግጦ ጥሎት ኖሮ የብረት ማሰሪያው ተረገጠ። አንዷ ዘለበት ጠማማ ሆና ከዚያን ቀን ወዲህ የእጁን አንጓ ትቆነጥጠው ጀመር። ሌላም ያላየው ነገር አለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በመናኸሪያው በኩል ነው፤ ያን ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ቆመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተውታል።

ያየው ሌላም ሰው ነበር፤ የተራ አስከባሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው ሽማግሌ። ዳኛውን ወደ ቢሮው ጠርቶ ውሃ ቀዳለትና ነገሩን ዘረገፈው። በሌላ ከተማ አዲስ መናኸሪያ ተከፍቷል። ቦታውን ሌሎች ይዘውታል፤ በደህና ቃል የሚለቁ አይደሉም። የሚያስለቅቃቸው ሰው ኃላፊ ይሆናል፣ ሦስት ክፍል ቤትም ይሰጠዋል። ዳኛው የራሱን ቤት አሰበ። አራት ሆነው የሚያድሩት በመጋረጃ በተከፈለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታ ነው። ቢሮው ውስጥ በተቀመጡት የማኅበሩ ሰዎች ፊት እሺ አለ። ሚስቱን መጠየቅ ትዝም አላለው።

ሚስቱ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ዘጠኝ ዓመት ጎንበስ ቀና ብላ የፈረቃ ኃላፊ ከሆነች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ የክፍሉን ቁልፍ ከአንገቷ አታወርደውም። እሺ ብሎ መምጣቱን ሲነግራት እሷ አሻፈረኝ አለች። ስለ ሦስቱ ክፍል አወራላት፣ ስለ ልጆቹ አወራላት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ።

“ቀን የሰው ደም ሳጥብ እውላለሁ፣ ማታ ያንተን ሸሚዝ” አለችው። “እዚያ ወስደህ ያንተን ብቻ ልታሳጥበኝ ነው? አልሄድም።”

ዓርብ ማታ እንቢ፣ ቅዳሜ ውሎ እንቢ። እሑድ ምሳ ላይ ነገሩ እንደገና ተነሳ። ሩዙ ቀዝቅዟል፤ ዳኛው ትዕግሥቱ አልቆ ድምፁን ከፍ አድርጓል። በዚህ ቤት አባወራው ማነው እያለ ነበር። እሷም ፍንክች አላለችም፤ ልጆቼም አይሄዱም አለች። በዚህ መሃል ያቺ ጠማማ ዘለበት ቆነጠጠችው። ወሬውን ሳያቋርጥ ሰዓቱን አወለቀና ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። የእጁን አንጓ ከማሸት በቀር በሐሳቡ ምንም አልነበረም።

ልጅቷ የመስታወት ጆጉን አንስታ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። ብርጭቆዎቹን አስከተለች። ቢላዋውን ከፎጣው ሥር ወሸቀችው። አስባበት የቆየች እንጂ ድንገት የመጣላት አትመስልም ነበር። ትንሹ ልጅ ደግሞ ከወንበሩ ወርዶ መጣና ሁለት መዳፉን ገጥሞ ዘረጋ።

“እኔ ልያዝልህ፣ አባዬ?”

ዳኛው ሚስቱን አያት። ጀርባዋን ከግድግዳው አጣብቃለች። የምታየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር።

“እሺ” አለች፤ የማያውቁትን ውሻ በሚያባብሉበት ድምፅ። “እሺ፣ እንሄዳለን።”

ቆንጥጦኝ እኮ ነው አላት፤ የቀላውን አንጓውን አሳያት። ገባኝ፣ እንሄዳለን አልኩህ እኮ አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው። ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትታ የልጆቹን ልብስ ታጥፍ ጀመር። ዳኛው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያት አፈረ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሦስት ቀን ለፍልፎ ያላገኘውን እሺታ ሰዓቱን አወለቀና አገኘው። በአሥራ ሦስት የትዳር ዓመታቸው ስንቱን እሺ በፍቅር፣ ስንቱን በፍርሃት እንዳለችው መለየት አቃተው።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ሰዓቱን አሥሮ ወደ ጋሼ ቢሮ ገባ። ሦስት የማኅበሩ ጎረምሶች በሩ ላይ ቆመዋል፤ መማታት ያስተማራቸው ራሱ ነው።

“አልሄድም፣ ጋሼ።”

“ሚስትህ እንቢ አለች?”

“የለም፣ እሺ አለች።”

“ታዲያ?”

“ለዚያ ነው የማልሄደው።”

ሽማግሌው ይህ ነገር አልገባውም፤ ያልገባው ነገር ደግሞ ለእሱ ክህደት ነው። ቦታውን ለያዙት ሰዎች ተሸጠሃል አለው። በሰው ፊት የሰጠኸውን ቃል በሰው ፊት አጥፈህ በእግርህ አትወጣም አለው። ለጎረምሶቹ በአገጩ ምልክት ሰጣቸው። አንደኛው ጎረምሳ ከልማድ የተነሳ መዳፉን ዘረጋ። “ሰዓቱን ስጠኝ፣ ዳኛው” አለው፣ በአክብሮት።

“ይቅር።”

የመስኮቱን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ። የመጀመሪያው ጡጫ ጥርሱን አወለቀው፤ ሁለተኛው ቅንድቡን ቀደደው፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እሱ እንዳስተማራቸው ኩላሊቱ ላይ መቱት፣ እሱ እንዳስተማራቸው ጉልበቱን ከኋላ ረገጡት። ለምን እንዳልተማታ ቢጠየቅ፣ ቅዱስ ሆኖ አይደለም። ሦስቱንም አንጀታቸውን ቢዘረግፈው ደስ ባለው፤ እጁ ሁለት ጊዜ ከብረቱ በራሱ ተነሳ፣ ሁለት ጊዜ መለሰው። አንዴ ከለቀቀው እንደማያቆም ያውቃል። ካላቆመ ደግሞ ጋሼ ለዚያ ከተማ ትክክለኛውን ሰው መርጧል ማለት ነው። አንደኛው የመኪና ክሪክ እጀታ አነሳና የጨበጠውን ግራ እጁን አንጓው ላይ አሳረፈበት። የሰዓቱ መስታወት ተፈረካክሶ ሥጋው ውስጥ ገባ። ያኔ ወደቀ፤ ወድቆም እስኪሰለቻቸው ረገጡት። ጎትተው በር ላይ ሲጥሉት ማንም ጠጋ አላለም። ባለሱቁም በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር።

ግድግዳ እየተደገፈ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ከሥራ ተመልሳለች። እሪ አላለችም፤ በሆስፒታል ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አስቀመጠችው፣ እጅጌውን በመቀስ ቀደደችው፣ ወረንጦ አምጥታ መስታወቱን ከአንጓው አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ልጆቹ መጋረጃውን ይዘው ቆመዋል።

“ሰዓቱን ሳታወልቅ ነው?” አለችው።

“አላወለቅኩም።”

ሁለት ስባሪ አወጣች። “ሥራውስ?”

“የለም። እዚህም የለም፣ እዚያም የለም።”

ወረንጦውን አስቀመጠች። ሻንጣው እንደተከፈተ አጠገባቸው ነበር፤ የልጆቹ ልብስ ከላይ ታጥፎ ይታያል።

“አሁን ጠይቀኝ” አለችው።

“ምኑን?”

“የእሑዱን።”

ከንፈሩ አብጦ ቃሉን ለማውጣት ታገለ። “እንሂድ?”

ይህን ጊዜ ፊቱን አየችው፤ ደም የለበሰውን፣ ያበጠውን ፊቱን፣ ረጋ ብላ።

“አንሄድም” አለች፣ አፏን ሞልታ። ሻንጣውንም በእግሯ ወደ አልጋው ሥር መለሰችው።