የጭልፊቶቹ ደብተር

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ስሠራ የራሴ የምለው ጊዜ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ማዳም የንጋቱን ሶላት፣ ፈጅርን ሰግዳ ተመልሳ ስትተኛ፣ የጓሮውን በር ቀስ ብዬ እከፍትና የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ አንጋጥጣለሁ። ጣሪያው ላይ ወዳለው የውሃ ታንከር ሁለት ጭልፊቶች ይመጡ ነበር። ሴቷ ገዘፍ ያለች፣ ጀርባዋ ቡናማ፤ ወንዱ ራሱ ግራጫ፣ አነስ ያለ። አገር ቤት ጭልፊት ሲታይ ጫጩት እንዳይወስድ ድንጋይ ይነሣል እንጂ ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? እዚህ ግን ወንዱ ድንቢጥ ይዞ መጥቶ ለሴቷ ሲያቀብላት ሳይ፣ እንዲህ ያለ ባል እኛ ሰፈር አልነበረም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

የማዳም ልጆች የጣሉትን ግማሽ ደብተር አንሥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ስንት ሰዓት መጡ፣ ምን በሉ፣ የቱ ቀድሞ በረረ። የወደቀ ላባ ሳገኝ ከገጹ ጋር በክር እሰፋዋለሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ባዮሎጂ እወድ ነበር። በዚያ ቤት ማንም ሳያዘኝ የሠራሁት ሥራ ያ ደብተር ብቻ ነው።

ማዳም ሻንጣዬን በየጊዜው ትፈትሻለች። አንድ ቀን ማለዳ ደብተሩን አገኘችው። የማታውቀውን ፊደል አየች፣ የተሰፋውን ላባ አየች፣ ጮኸች።

«ሲሕር!»

ድግምት ማለቷ ነው። በዚያ አገር ይህ ቃል ፖሊስ ጆሮ ከገባ አንገት ያስቀላል። መንፉሐ ሰፈር ሐበሻ በጅምላ ከታፈሰ ደግሞ ዓመት አልሞላውም፤ ለእኔ ማን ይሟገታል? የጓሮውን በር ከፈትኩ። ወፍ ነው ብዬ ወደ ታንከሩ ጠቆምኩ። ማዳም ጣቴን እንጂ ታንከሩን አላየችም።

ፖሊስ ከመጥራቷ በፊት የሚያነብላት ፈለገችና ጎረቤት የምትሠራውን የወሎ ልጅ አስጠራች። በአጥር ሰላም ከመባባል ያለፈ ትውውቅ የለንም። ጓሮው መሐል አቁማ፣ እውነቱን እንድታነብ ወላሂ አስባለቻት። ልጅቷ ደብተሩን ተቀብላ ገለጠችው። ከእኔ ጋር ወገነች ከተባለ እሷም አትተርፍም።

«ማክሰኞ፣ አሥራ አንድ ተኩል። ድንቢጥ በሉ፤ ጭንቅላቷን ተዉት» ብላ አንብባ ወደ ዓረብኛ መለሰችው። «ረቡዕ፣ ነፋስ ነበር። አልመጡም።»

እንዲህ እያለች ገጽ በገጽ ሄደችና አንዱ ላይ ቆመች። የትኛው እንደሆነ ገባኝ። ታምሜ የተኛሁ ቀን ማዳም የሰደበችኝን ስድብ ጽፌ፣ ከሥሩ «አንቺንም ጭልፊት ይንጠቅሽ» ብዬ ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጠች።

«ይህም ስለ ድንቢጥ ነው፣ ማማ። ወላሂ፣ ወፍ ብቻ ነው።»

ስለ እኔ ብላ በሐሰት ማለች። ከዚያ በፊት ስሟን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች ማዳም። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ደብተሬን ሥጋ የሚጠብሱበት የከሰል ማንደጃ ውስጥ ጥላ ክብሪት ጫረችበት።

«ወፍ ብቻ ነው አልተባለም እንዴ?» አልኳት።

«ለጥንቃቄ ነው። ያላ፣ ሥራሽን!»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ይሁን። ጠርጥሮ፣ አስነብቦ፣ ንጹሕ መሆኑን ሰምቶ ማቃጠልስ ምን ይባላል? የሦስት ወር ማለዳ እኮ ነው! የወሎዋ ልጅ ልትወጣ ስትል ጠጋ ብላ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ እኔ አንብቤዋለሁ» አለችኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ነፋሱ አመዱን በጓሮው በተነው። ማዳም መጥረጊያ አምጥታ ሰጠችኝ። ተቀብዬ እግሯ ሥር አስቀመጥኩት።

«ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ጥረጊው» አልኳት፣ እንዲገባት በዓረብኛ።