ከዲጋ የመጣው መዘውር

ባለፈው ሳምንት ልጇን ለመዳር ሽር ጉድ የምትል ጎረቤቴ «አንቺ ጋቢ ታውቂያለሽ» ብላ ነቀምቴ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ስለ ጋቢ ምን አውቃለሁ? እናቴ ከወሎ የመጣች ፈታይ እንደነበረች ሰፈሩ ስለሚያውቅ፣ ሙያው በደም የሚወረስ መስሏቸዋል። ባለሱቁ አንዱን ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ወረወረልን። ጎረቤቴ ዳበስ አድርጋ «ይሄ ይበቃል» አለች፤ አለቀ። የሠርግ ጋቢ ነገር እንዲህ በአንድ አፍታ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ሐሳቤ ሁሉ ወንድሜ ይመር ጫልቱን ባገባበት ዓመት ላይ ነበር።

ያኔ እኔ እዚሁ ነቀምቴ ቤት ተከራይቼ ለመምህርነት እማር ነበር። ቤተሰቦቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ይመር የወደዳት ልጅ የዲጋ ናት፤ እነሱ ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ፣ ቋንቋችንም ሌላ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ተወራ። በመጨረሻ ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተባለና ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እናቴ ባደገችበት መንደር፣ የሙሽሪት አባት ትከሻ ላይ የሚጣለው ጋቢ የሙሽራው እናት በገዛ እጇ የፈተለችው መሆን አለበት። ክረምቱን ሙሉ ስትፈትል ከረመች። ሥራው ሲጋመስ፣ መስከረም ላይ፣ ከምንጭ ስትመለስ ጭቃው አዳለጣትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። ወጌሻ አሻት፤ አጥንቱ ገጠመ። ጣቶቿ ግን እንዝርት ማሾር እምቢ አሉ።

ነቀምቴ አምጥቼ አሳከምኳት። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል አለ፤ እኛ ያጣነው ደግሞ ጊዜን ነው። እኔ እንዝርት ስይዝ ክሩ ቋጠሮ በቋጠሮ ይሆናል። «የቀረውን ከገበያ እንግዛው» ብላት ቱግ አለች።

«ወየው ጉዴ! ሰፋሪዋ በሰው ፈትል ልጇን ዳረች ልባል? ሞቴን ያምጣው!»

ከዚያ ወዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የማቀርብላትን ምግብ ነካ አድርጋ ትተወዋለች። እኔም ትምህርት ቤት ቁጭ ብዬ ስለሷ ሳስብ እውላለሁ።

የጫልቱ አባት ኦቦ ተሬሳ ሊጠይቃት መጣ። ጡረታ የወጣ የጤና ረዳት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው። ከነእንጀራው የተቆረጠ ማርና በቅቤ የተለወሰ የአንጮቴ ሥር ይዞ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ዘነቡ?» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ጥግ ላይ የተቀመጠውን እንዝርትና አመልማሎ አየ። «ለማን ነበር የሚፈትሉት?»

እናቴ ደነገጠች። ስጦታው ከሠርጉ በፊት ለተቀባዩ አይነገርም። «ለ… ለእንግዳ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ቶሌ፣ እሺ» አለና አንጮቴው ሳይቀዘቅዝ እንድትበላ መከራት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በር ላይ አይሱዙ ቆመ። ኦቦ ተሬሳ በቆሎ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አንድ ትልቅ የእንጨት ጎማ አቅፏል። የእናቱ የፈትል መዘውር ነው። በልጅነቷ ፈረንጆች ሱፍ መፍተል ያስተማሯት በዚህ ነበር፤ ከሞተች ጀምሮ ጎተራ ውስጥ ተቀምጧል። መርገጫውን በእግር ሲረግጡት ጎማው ይዞራል፣ ጎማው በጠፍር እንዝርቱን ያሾራል፤ እጅ ክሩን መሳብ ብቻ ነው ሥራው። እናቴ ዙሪያውን ዞራ አየችውና «እግር ያወጣ እንዝርት!» አለች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ችግሩ፣ መርገጫውን ምስጥ በልቶታል፣ ጠፍሩም የለም። ኦቦ ተሬሳ ከዋንዛ ሳንቃ መርገጫ ልሥራ ብሎ አውራ ጣቱን በመዶሻ መታና ራሱ በአዮዲን አከመው። አዲስ ጠፍር ቆርጠን ገጠምን። ጎማው ግን ይንጫጫል። እናቴ የኑግ ዘይት ይሁን አለች፤ እሱ ተቆጣ። «ወለጋ ቁጭ ብለን፣ ቅቤ እያለ ዘይት?» አለና ጎማውንም ጠፍሩንም እንደ ሙሽራ ፀጉር ቅቤ በቅቤ አደረገው። ጠዋት ስንነሳ አይጥ ጠፍሩን በልቶ ጨርሶታል። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እናቴ አለቀሰች። ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ በየግቢው የተሰጣው ቡና መድረቅ ጀምሯል።

እንባዋን ስትጠርግ አንድ ነገር መጣላት። ለጋቢው ካስቀመጠችው አንድ ልቃቂት አወጣች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ያልቅብሻል» አልኳት። አልሰማችኝም። ክሩን በጥርሷና በግራ እጇ እየያዘች እኔን እያስገመደች ከኦቦ ተሬሳ ማር በተረፈው ሰም አሸችው። ገመዱ ጎማው ላይ ልክክ አለ። ረገጠች፤ ዞረ፤ ፈትል ወጣ። ደስታችን ግን አልቆየም፤ አዲሱን ክር ከድሮው ጋር ስትቀጥል መጋጠሚያው እየተፈታ ወደቀ። ገመዱን ያሰርነው እኛ፣ የምናዞረውም እኛ፣ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? እናቴ የቆየ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በግራ እጇ ቀስ ብላ አዞረችና ጎማውን አየች። መዘውሩ የሚያከረው እሷ ከምታከርበት በተቃራኒ ነው። ጎማውን በሌላኛው አቅጣጫ አስጀመረችው፤ ክሩ ያዘ። ከዚያ በኋላ እስከ ገና ድረስ ክፍሌ ውስጥ ከመርገጫው ድምፅ በቀር ሌላ አልተሰማም።

ጥር ላይ፣ ፈትሏን ሸማኔ ሠርቶ ያስረከበንን ጋቢ ይዘን ዲጋ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሳለ እናቴ በተጣመመ እጇ ጋቢውን ዘርግታ ኦቦ ተሬሳ ትከሻ ላይ ጣለችው።

«ይሄ ለእኔ ነው?» አለ አፉን ከፍቶ። እናቴ በኩራት ቁመቷ ጨመረ።

መዘውሩን ስመልስለት «ጋቢው ለእርስዎ መሆኑን በእውነት አላወቁም ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የመጀመሪያው ቀን ነው የገባኝ» አለ ያን ድምፅ አልባ ሳቁን እየሳቀ። «እናትሽ መዋሸት አትችልም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ካወቅኩማ እምቢ ማለት አለብኝ። የሴት ልጅ አባት የራሱን ስጦታ ያሠራል? ነውር ነው። ካላወቅኩ ግን የታመመ ሰው ማገዝ ነው።»

እናቴም ኦቦ ተሬሳም ዛሬ የሉም። ከዚያ ወዲህ በጊዳ አያና በኩል ብዙ ክፉ ቀን አልፏል፤ በሰላም አብረው የኖሩ ሰዎች የተፈራሩበት ጊዜም አይቻለሁ። እንዲህ ባለው ቀን እነሱ ይናፍቁኛል፣ አጥንቴ ድረስ። አንዳቸው የሌላውን ክብር እንዴት አድርገው እንደጠበቁ ሳስብ፣ ያላወቁ መምሰልም ትልቅ ፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። እናቴ ልትሞት ሰሞን እንኳ ያንን ሠርግ አንስታ «ኦቦ ተሬሳ እስከ መጨረሻው ምንም አልጠረጠረም፣ አይደል?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ዛሬ ተነስታ ብትጠይቀኝም መልሴ ያው ነው።