ስለ ድንቹ ሲጠይቁኝ

በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ጠዋት፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይመጣል፤ የንስሐ አባትም አይቀሩም። ከኋላ አንዲት ሴት ትከተላለች። ሐዘንተኛዋ ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል የምትይዛት እሷ ናት። እኔም አንድ ጊዜ ልይዝ ሄጃለሁ። ጎረቤቴ የልጇን ሞት ገና አልሰማችም፤ ካህኑ እስኪጀምሩ ድረስ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ድንች ዘር አወራኋት። እየሳቀች ትመልስልኝ ነበር። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ ክፉውን የማይናገር ስልክ ደጉን ሲነግረኝም አላምነውም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የቀረችኝ አንዲት ልጅ ናት። ዓረብ አገር በቆየችባቸው ሦስት ዓመታት «ደህና ነኝ እማ» ስትለኝ ቃሉን ትቼ ትንፋሿን አደምጥ ነበር። ሲከፋት ቶሎ ቶሎ ታወራለች። ሲደክማት «እሺ» ታበዛለች። እመቤታችን በሰላም መለሰችልኝ፤ አንበሳሜ ከተማ ልብስ መሸጫ ቤት ተቀጠረች። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትደውልልኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ስልኳ ስድስት ቀን ተዘጋ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሄዶ የሚያይልኝ ሰው አጣሁ። በሕይወት ካሳየኸኝ ብዬ ለጣራ ገዳም ጧፍ ተሳልሁ። ለሰው ግን አልተናገርሁም። ብናገር የሚሆን መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሦስት ሰዎች አየሁ። አንዱ የንስሐ አባቴ ናቸው። ሁለቱን አላውቃቸውም፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ያቺው ልጇን የቀበረችው ጎረቤቴ አለች። ተራዋ ደርሶ እኔን ልትይዝ የመጣች መሰለኝ።

ከፈትሁ። ግቡ አላልሁም፤ አፌ አልታዘዘኝም። ረጅሙ ሽማግሌ ከአንበሳሜ መምጣታቸውን ተናገሩ። ከዚያ በአጥሩ ሥር ያለውን የድንች መደብ አዩና፣

«ድንቹ እንዴት ያዘልሽ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ልጄ መሞቷን አወቅሁ።

ሽማግሌው ቀጠሉ። ጨዋነቷን አነሡ፣ ለሥራ መትጋቷን፣ ሰው ማክበሯን። እንዲህ የሚመሰገነው የሞተ ሰው ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጆሮዬ የሚገባው ግን ስሟ ብቻ ነበር። የበሩን መቃን ያዝሁና ወደ ንስሐ አባቴ ዞርሁ።

«አባቴ፣ መቼ ነው የሞተችው?»

ጎረቤቴ ሮጣ ክንዴን ያዘችኝ፤ ያም ነገሩን አጸናብኝ።

ረጅሙ ሽማግሌ በዱላቸው ተደገፉ። «ምነው ልጄ» አሉ። «እኛ ልንድራት ስንመጣ አንቺ ቀበርሻት?»

የመጡት ለወንድማቸው ልጅ ሊለምኑ ነበር። እንደ ወጉ ሽማግሌ ተቀመጡ ሳይባል አይቀመጥም። ደጅ ላይ ሳቆማቸው ገና ሳይጠይቁ እንቢ ያልሁ መስሏቸው ኖሯል፤ ድንቹን ያነሡትም ልቤን ሊያለዝቡ ነው።

እኔ ግን አላመንኋቸውም። መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ ደግ ደጉን ያወራል። ድምፅዋን አሰሙኝ አልሁ። የንስሐ አባቴ አልተቆጡኝም፤ መስቀላቸውን ጨብጠው በለሆሳስ ይጸልዩ ጀመር። ሦስተኛው ሰው ለሚለመንለት ልጅ ለራሱ ደወለ። ልጁ ወደ ልብስ ቤቱ ሄዶ እንደሚያገናኘን ተናገረ። ጠበቅን። ፀሐይዋ ወጥታ ደጁን ሞላችው፤ እኔ ግን በርዶኝ ነበር። ጎረቤቴ ክንዴን አልለቀቀችም።

«ወንፊት ልዋስ ነበር የመጣሁት» አለችኝ በጆሮዬ፣ ጥፋተኛ እንደ ሆነች ሁሉ።

ስልኩ ጠራ። ሰውየው ወደ ጆሮዬ አስጠጋልኝ።

«እማ?»

«ቁርስ በላሽ?» አልኋት። ማልቀስ ጀመረች።

ሽማግሌ እንደሚላክ ታውቅ ኖሯል። ይህን ለእናቷ በአፏ ለመንገር አፍራለች፤ ደግሞም ትንፋሿን እንደማደምጥ ታውቃለች። «ድምፄን ከሰማሽ ታውቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ በኋላ። እኔ የማደምጠው እንዳይኖር ስልኳን ዘጋች፤ እኔም በዝምታዋ ውስጥ ቀበርኋት።

ያን ቀን መልስ አልሰጠኋቸውም፤ በወጉም አንድ ጊዜ ተመጥቶ አይሰጥም። ጧፉን ጣራ ገዳም አደረስሁ። አምላኬ ይመስገን፣ ከነፍርሃቴ ሰምቶኛል። ልጄ አሁን በየቀኑ ትደውላለች። የምትለው ስታጣ እንኳ የሸጠችውን ልብስ ትነግረኛለች።

በሳምንቱ ቅዳሜ በርጩማዎቹን ከማለዳ ጀምሬ ደጅ ላይ አወጣሁ። ረጅሙ ሽማግሌ ገና ከቁልቁለቱ ሆነው ዱላቸውን ወደ ላይ እያነሡ «በደስታ ነው! በደስታ ነው!» እያሉ መጡ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ደጄ ሲደርሱ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ተቀመጡ አልኋቸው።